ከ15,000 ግመሎች እስከ አንዲት ካቴና፦ የምዕራብ ጎጃም መንገድ የሚናገረው

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ሲረግጡ አብሯቸው የነበረው ጦር ትንሽ ነበር። ብዙ የነበረው ግመሉ ነው። ኦርድ ዊንጌት የተባለው የእንግሊዝ መኮንን የሚመራው ይህ ጦር ጥይቱን፣ ስንቁንና ብሩን ወደ ጎጃም ደጋ የሚያወጣለት ወደ 15,000 የሚጠጋ ግመል ከሱዳን ተሰብስቦለት ነበር።

ግመሎቹ የቆላ ግመሎች ነበሩ። ሜዳና አሸዋ ለምደዋል፤ አቀበትና ድንጋይ አያውቁም። የደጋው ብርድ፣ ያልለመዱት መኖ፣ ያለ ዕረፍት የተጫነባቸው ጭነትና የተላጠ ጀርባ በየመንገዱ ጣላቸው። ዘመቻው ሲያበቃ በሕይወት የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

ጦሩ ግን ድል አደረገ። በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። ወጀት ትባል የነበረችው የመንገድ ዳር ከተማም ከዚሁ የንጉሡ መመለስ ጋር ተያይዞ አዲስ ስም አገኘች፦ ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ።

ታሪክ ድሉን ያስታውሳል፤ ተገቢም ነው። የግመሎቹ ነገር ግን ከድሉ ጀርባ የቀረ ሌላ ትምህርት ነው። ጭነት የሚሸከመው ነገር ለአገሩ ካልተመረጠ፣ ከተመረጠ በኋላም የሚንከባከበው ሰው ካላገኘ፣ ብዛቱ አያድነውም። ይህ ትምህርት ዛሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በማንኩሳና በጅጋ አደባባይ በየቀኑ ይደገማል። ጭነቱን የተረከበው አሁን ሞተር ሳይክል ነው። የሞተሩም ደካማ ጎን እንደ ግመሉ ጀርባ ለአቧራና ለጭቃ የተጋለጠው ክፍል ነው፤ ሰንሰለቱና ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ሁለቱ ጥርሶች።

🔹 በቅሎ አዋቂ ነበራት

ከግመሎቹ በፊት ጎጃም መጓጓዣ አልነበረውም ማለት አይደለም። ከጊቤ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ በሰንሰለት የታሰረው ባሪያም ጭምር፣ ዓባይን ተሻግሮ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይወጣ ነበር። አሞሌ ጨውና ጨርቅ ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ያመላለሰው የሲራራ ነጋዴ፣ አጋሰሱና በቅሎው ነው።

ሲራራ ነጋዴ እንስሳውን የሚያውቀው እንደ ልጁ ነበር። ጭነቱ በአንድ ወገን ካዘነበለ ጀርባ እንደሚላጥ፣ የተላጠ ጀርባ ላይ መልሶ መጫን እንስሳውን መግደል እንደሆነ ያውቃል። ሲያሳርፍ መጫኛውን ፈትቶ ጀርባውን ይዳስሳል፤ ሰኮናውን ያያል፤ ሳሩን ይመርጣል። ይህን ዕውቀት ማንም በክፍል አላስተማረውም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከነጋድራስ ወደ ጫኝ ይወርዳል። የፈረስና የበቅሎ ክብር በአገሩ ስም ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ እስከ ዛሬ የምትጠራው «ፈረስ ቤት» ተብላ ነው።

በ1933ቱ ዘመቻም ልዩነቱ ታይቷል። አገሩን የሚያውቁት የጎጃም አርበኞች በእግርና በበቅሎ ሲንቀሳቀሱ፣ ከውጭ የመጣው ጓዝ ግን የወደቀ ግመል እየቆጠረ ነበር። በቅሎዋ ከግመሉ የበለጠ ጉልበት ስላላት አይደለም። አገሩ የእርሷ ነው፤ አዋቂዋም ከጎኗ አለ።

🔹 ካቴና ከየት መጣ?

ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ ሲዘምት ከአውሮፕላኑና ከመርዝ ጋዙ ጋር ካሚዮንና ሞተር ሳይክል ይዞ መጥቷል። አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ መንገዶችን ትቶ ሄደ፤ ከመንገዱ ጋር ደግሞ የጋራዥ ቋንቋ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ግራሶ፣ ፒንሳ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሰንሰለትም በጋራዥ «ካቴና» ይባላል። በጣሊያንኛ ትርጉሙ በቀጥታ ሰንሰለት ነው፤ በአማርኛ ግን የእስረኛ እጅ ማሰሪያም ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይዟል፤ ማሰርና መንዳት።

ዕቃው ራሱ ግን የተወለደው ጣሊያን አይደለም። በ1873 እ.ኤ.አ. ሃንስ ሬኖልድ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ማንቸስተር ገባ። ከተማዋ የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ሬኖልድ ለነዚያ ማሽኖች ሰንሰለት የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ገዛና በ1880 እ.ኤ.አ. ዛሬም ዓለም የሚጠቀምበትን ሰንሰለት በፓተንት አስመዘገበ። ከእርሱ በፊት የነበረው ሰንሰለት ጥርሱ የሚያርፈው በቀጭን ፒን ላይ ስለነበር ቶሎ ይበላ ነበር። ሬኖልድ ፒኑን በቡሽ፣ ቡሹን ደግሞ በሚሽከረከር ሮለር ሸፈነው። ጫናው በሰፊ ገጽ ላይ ተከፋፈለ፤ ሰንሰለቱም ዕድሜ አገኘ።

አምስት ዓመት ቆይቶ የዛሬው ብስክሌት ቅድመ አያት የሆነችው «ሮቨር» በሰንሰለት እየተነዳች እንግሊዝ አገር ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ግን በቆዳ ችንጋ ነበር የሚነዱት። ዝናብ ሲመጣ ችንጋው ይንሸራተታል፤ አቀበት ላይ ያቅተዋል። ሰንሰለት ችንጋን ያሸነፈው በዝናብና በአቀበት ነው። ለጎጃም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዝናብና አቀበት የአገሩ ዋና መገለጫዎች ናቸውና።

ከዚያ ዘመን የቀረ ሌላም ምልክት አለ። ዛሬ መለዋወጫ መደብር ውስጥ በሰንሰለት ላይ ተመትቶ የሚታየው 428 የሚለው ቁጥር እስካሁን የሚናገረው በእንግሊዝ ኢንች ነው። የመጀመሪያው 4 ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት አራት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻል። የብስክሌት ሰንሰለትም ርቀቱ ያው ነው። የባሕር ዳርን ጎዳና በብስክሌት የሞላው ትውልድና ዛሬ በቡሬ ሞተር የሚነዳው ልጅ ሳያውቁት በአንድ መለኪያ ይገናኛሉ። የቀሩት ሁለት አኃዞች ስፋቱን ይናገራሉ። 420 እና 428 ርቀታቸው አንድ ሆኖ ስፋታቸው ይለያያል፤ ስለዚህ «ያው ነው፣ ይገባል» የሚል ሻጭ ግማሽ እውነት ነው የተናገረው።

🔹 ሞተር ገጠር እንዴት ገባ?

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። ለብዙ አሥርተ ዓመታት መንገድ ማለት ዋናው መንገድ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው። ቡሬ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። ከዚህ መስመር ግራና ቀኝ ያለው አገር፣ ወምበርማ፣ ቋሪት፣ ሰከላ፣ ደጋ ዳሞት፣ አብዛኛው ሕዝብ በእግሩና በእንስሳው ነበር የሚንቀሳቀሰው።

ይህን የለወጠው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉንም ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ነው። የተሠራው መንገድ የጠጠር ነው፤ አውቶቡስ በብዛት አይገባበትም፤ በክረምት የሚሸረሸርም ብዙ ነው። ያንን ክፍተት የሞላው ሞተር ሳይክል ሆነ። ከሕንድ የሚመጡት እንደ ቦክሰር ያሉ ሞተሮች ዋጋቸው ከመኪና ጋር አይወዳደርም፤ ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ የበቅሎ መንገድ ይበቃቸዋል። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ በርበሬና በቆሎ የሚሰበስበው ነጋዴ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ወንድም ሁሉም «ሞተር ጥሩልኝ» ይላል።

ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በዘንግ ነው፤ እንደ ሞተር ሳይክሉ የተጋለጠ ሰንሰለት የለውም። ነገር ግን ለከተማና ለደህና መንገድ እንጂ ለቋሪት አቀበት አልተፈጠረም። አቀበቱን የሚወጣው ሞተር ነው፤ ሞተር ደግሞ ሰንሰለቱን ተማምኖ ይወጣል።

🔹 ቀይ አፈር የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ይላል። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። በየመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፒንና ቡሽ ተፋግቶ ተበልቷል። ከመቶ የሚበልጡ መገጣጠሚያዎች እያንዳንዳቸው የፀጉር ያህል ሲበሉ ድምሩ ሰንሰለቱን ያስረዝመዋል። የሚበላውም በዋናነት ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ አቧራ ነው። የበጋው ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ሞረድ ይፈጫል። የክረምቱ ጭቃ ደግሞ ዘይቱን አጥቦ ዝገት ይተካበታል። በአስፋልት ላይ ብዙ ዘመን የሚቆይ ሰንሰለት በጠጠር መንገድ ዕድሜው የሚያጥረው ለዚህ ነው።

ማወቂያው ቀላል ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በ428 ሰንሰለት ላይ ሰንሰለቱን ወጠር አድርጎ ከአንድ ፒን መሐል ተነሥቶ እስከ 21ኛው ፒን መሐል ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ ሁለት በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ጊዜው አልፏል። ሜትር የሌለው ሰው ደግሞ የኋላውን ጥርስ ይመልከት። ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ ወገን እንደ ማጭድ ከታጠፈ፣ ወይም ሰንሰለቱ በእጅ ሲሳብ ከጥርሱ ላይ ተላቆ ብርሃን ካሳየ፣ መልሱ ተገኝቷል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ሲታሰር፣ ያ ጥርስ የቀድሞውን የረዘመ ሰንሰለት ቅርጽ ስለያዘ አዲሱን በአጭር ጊዜ እንደ አሮጌው ያደርገዋል። ሰንሰለት፣ የፊት ጥርስና የኋላ ጥርስ አንድ ላይ ይገባሉ፤ አንድ ላይ ይወጣሉ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ውድ ይመስላል፤ ሰንሰለቱን ብቻ ሦስት ጊዜ መግዛት ግን ከዚያ ይበልጣል።

🔹 ምርጫ፦ የግመሉ ስሕተት እንዳይደገም

ምርጫ ሲባል ሦስት ነገር ነው። አንደኛው መጠኑ ነው፤ በአሮጌው ሰንሰለት ላይ የተመታው ቁጥርና የመገጣጠሚያው ብዛት ከአዲሱ ጋር መመሳሰል አለበት። ሁለተኛው ጥራቱ ነው። ቀጭን ሳህን ያለው፣ የአምራቹ ስም በየመገጣጠሚያው ያልተመታበት፣ በእጅ ወደ ጎን ሲታጠፍ እንደ ገመድ የሚጠማዘዝ ሰንሰለት ዋጋው የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በፒንና በቡሹ መካከል ግራሶ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት ያለው ሰንሰለትም አለ። ውድ ነው፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ግን ብዙ ይቆያል።

ሦስተኛው የጥርሱ ቁጥር ነው። የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ከሆነ የፊቱ ጥርስ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። የፊቱ ወደ 13 ሲወርድ አቀበት ላይ ጉልበት ይጨምራል፤ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ወደ 15 ከወጣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ አስፋልት ላይ ይፈጥናል፤ ሁለት ሰው ጭኖ ወደ ሰከላ ሲወጣ ግን ያለከልካል። የፊት ጥርስ ባነሰ ቁጥር ሰንሰለቱ ይበልጥ ስለሚታጠፍ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ የሚቀየር ጥርስ ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል። ጥያቄው መንገዱ ምን ዓይነት ነው፣ ጭነቱስ ስንት ነው የሚል ነው። በ1933 ስለ ግመሎቹ መጠየቅ የነበረበትም ጥያቄ ይኸው ነበር።

አንዳንድ አምራቾች ጥያቄውን ቀድመው ጠይቀዋል። ያማሃ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሠራው ኤጂ 100 ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ በሽፋን ይደብቃል። ዛሬ ሽፋን ይዞ የመጣን ሞተር «ይንኳኳል» ብሎ ሽፋኑን ፈትቶ የሚጥል ሰው የሰንሰለቱን ጣሪያ አፍርሶ ክረምት እየጠበቀ ነው።

🔹 እንክብካቤ፦ የሲራራው ልማድ

የሰንሰለት እንክብካቤ ከበቅሎ እንክብካቤ የተለየ አይደለም፤ ሲያሳርፉ ማየት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በመሐል መቆሚያው ቆሞ፣ ጎማው በእጅ እየተሽከረከረ ጭቃው በብሩሽና በላምባ ይታጠባል፤ በጨርቅ ይደርቃል። ሞተር አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ የሚያጸዳ ሰው ጣቱን ለጥርሱ አሳልፎ እየሰጠ ነው። ቤንዚን የጎማ ቀለበት ያለውን ሰንሰለት ያበላሻል።

ከዚያ የካቢዮ ዘይት በቀጭኑ በውስጠኛው ወገን ይንጠባጠባል፤ የተረፈው ይጠረጋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነጻ ስለሆነ ይወደዳል፤ ነገር ግን የብረት ብናኝ ተሸክሟል፣ ላዩ ላይ ሲዥጎደጎድም የአቧራ ማደሪያ ይሆናል። ዘይት የሚቀባው ምሽት ላይ፣ ሰንሰለቱ ገና ሙቅ ሳለ ነው፤ እስኪነጋ ወደ ውስጥ ይገባል። በክረምት ጭቃ የዋለ ሞተር በየምሽቱ ቢታይ አይበዛበትም።

የሰንሰለቱ ልልነትም ልክ አለው። በብዙ ትንንሽ የመንገድ ሞተሮች ላይ የታችኛው መሐል በጣት ሲገፋ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በየሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። «ጠበቅ ቢል ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ አደገኛ ነው። ሞተሩ ሰው ሲጭን የኋላው ስለሚወርድ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይወጠራል፤ ያኔ የጎማውንና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላል። በጣም የላላ ደግሞ ከጥርሱ ይወጣል። ሲጠብቅ የኋላው ጎማ በሁለቱም ወገን እኩል መሳቡን ማየት ያሻል፤ የተጣመመ ጎማ ሰንሰለቱን በአንድ ጎኑ ይበላዋል፤ ጭነቱ እንዳዘነበለበት አጋሰስ። ማያያዣው በክሊፕ የሚዘጋ ከሆነም የክሊፑ ዝግ ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዞራል። ተገላቢጦሽ ከገባ እንቅፋት ሲነካው ተስፈንጥሮ ይወጣል።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ላይ የተበጠሰ ሰንሰለት ከፊት ጥርስ ጋር ተጠቅልሎ የኋላውን ጎማ ሊቀረቅር፣ የሞተሩንም ካርተር ሊሰብር ይችላል። ሽፋን የሌለው ሰንሰለት ደግሞ ከኋላ የተቀመጠችን እናት ነጠላ፣ የገበሬውንም ጋቢ ለመዋጥ ቅጽበት ይበቃዋል።

🔹 ዕዳው በማን ላይ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶውን አለፈ። ሰንሰለትና ጥርስ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገቡት። በላዩ ላይ ጦርነቱ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሰላም መንገድ የተባለችው ከተማ ሰላማውያን ሰዎች በአየር ድብደባ ያለቁባት ተብላ በዓለም ዜና ተሰማች። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ዕቃ ሲጠፋና ሲወደድ፣ መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በግማሽ ዕድሜው የሞተ ሰንሰለት የአንድ ሞተረኛ ኪሳራ ብቻ አይሆንም። ጤና ጣቢያ ያልደረሰች ሴት፣ ገበያ ያልደረሰ በርበሬ፣ ቀበሌው ያልደረሰ ባለሙያ ማለት ነው።

መንግሥትም ሆነ ድርጅት ለባለሙያ ሞተር ሲገዛ ርክክቡ በፎቶግራፍ ይታያል። የሁለት ዓመት ሰንሰለት፣ ጥርስና ዘይት በበጀቱ ውስጥ መኖሩን ግን የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናም ምልክትና ሕግ እንደሚያስተምር ሁሉ ሰንሰለት መለካትን ማስተማር ይችላል፤ ከአንድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብረት በሚያቀልጡበትና በሚቆርጡበት አገር ቢያንስ የኋላ ጥርስ በአገር ውስጥ በጥራት መሥራት የማይታሰብ ሕልም አይደለም።

ሲራራ ነጋዴው ደሞዝተኛ አልነበረም፤ መመሪያ መጽሐፍም አልነበረውም። ነገር ግን ጀርባው የተላጠ እንስሳ እንደማያደርሰው ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በየማረፊያው ይፈትሽ ነበር። ሞተር ወደ ጎጃም ገጠር ሲገባ ፍጥነቱን ይዞ ገባ፤ ያ የመፈተሽ ልማድ ግን ከበቅሎው ጋር ወደ ኋላ ቀረ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ሰንሰለት ከመፈጠሩ በፊት የተነገረ ነው። ለሰንሰለት ግን ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም።